በጨነቀን ቀን መጽሐፍ ምን ይሠራልናል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «ይሄ አንቺን ነው የሚመለከተው» ብላበታለች። ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት። ማታ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልስ ካልጻፍኩ እንደማይለቀኝ ገባኝ።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን «ፍልስፍና አንብቡ፣ ልብ ወለድ አንብቡ፣ መንፈሳችሁ ይረጋጋል» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል፤ ምክሩ ግን ለተራው ሰው አይጠቅምም። ከዚያ ምክንያቶቹን ይደረድራል። ፍልስፍና የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። ልብ ወለድ ያዘነውን ሰው የባሰ ያሳዝነዋል። ነገሩ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ሃይማኖት አለን። የታመመ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ፍልስፍና «ቻለው» እያለ ሰውን ለበደል ያደነዝዛል። በመጨረሻም ለንባብ ጊዜውም ገንዘቡም የለንም፤ ካስፈለገ አጭር ጥቅስ ይበቃል።

ጸሐፊውን አላውቀውም። አጻጻፉ ግን የተቆርቋሪ ሰው ነው። ኑሮ የከበደው ሰው «መጽሐፍ አንብብ» ሲባል የሚሰማውን ንዴት አውቆ ነው የጻፈው። ያንን ንዴት እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንዱንም ነጥብ ዘልዬ አላልፍም። አንዳንዱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

«ፍልስፍና የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ከሚለው ልጀምር። የምስማማበትን ላስቀድም። ልጆቹ ጦማቸውን ያደሩበት አባት ፊት ቆሞ ስለ ደስታ ምንነት ማውራት ነውር ነው። እንጀራ ይቀድማል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ግን ለመሆኑ ይህን ነገር ያስተማሩን እነማን ናቸው? ጽሑፉ በስም ከሚጠቅሳቸው አንዱ ኤፒክቴተስ ነው። የዛሬ 1,900 ዓመት ገደማ የኖረ ሰው ነው። ባሪያ ሆኖ ነው ያደገው። በገዛ አካሉ ላይ እንኳን ሥልጣን አልነበረውም። እግሩም አንካሳ ነበር። ነፃ ከወጣ በኋላ ሮም ውስጥ ማስተማር ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚቲያን ፈላስፎችን ሲያባርር እሱም ተሰደደ። ግሪክ አገር ኒቆጶሊስ የምትባል ከተማ ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። አንድም መጽሐፍ በእጁ አልጻፈም። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው አሪያን የሚባል ተማሪው እየሰማ የያዘው ማስታወሻ ነው።

እዚያ ማስታወሻ ውስጥ በጣም የምወዳት ትንሽ ታሪክ አለች። ኤፒክቴተስ ቤቱ ውስጥ የብረት መብራት ነበረው። አንድ ሌሊት ኮሽታ ሰማ። ሮጦ ወርዶ ሲያይ መብራቱ የለም። ተሰርቋል። እሱም ለራሱ «ነገ የሸክላ መብራት ታገኛለህ» አለ። ሰው የሚጠፋበት ያለው ነገር ነው፣ ሌላ ምን ሊጠፋበት ይችላል? ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ይህንኑ መብራት ያነሳና እንዲህ ይላል፦ ሌባው በመንቃት በልጦኛል፤ ግን መብራቱን ያገኘው ሌባ በመሆን ዋጋ ነው።

አምና ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ ልጅ ስልኬን ከእጄ መንጭቆ ሮጠ። ስልኩ ውድ አልነበረም። ለእኔ ግን ውድ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ሰነበትኩ። «ለምን አወጣሽው? ለምን ቦርሳሽ ውስጥ አልነበረም?» ሌሊት እነቃና የልጁን ጀርባ አያለሁ። በአራተኛው ቀን ያቺን የመብራት ታሪክ አገኘኋት። ስልኬ አልተመለሰም። ንዴቴ ግን ቦታ ቦታውን ያዘ። የጠፋብኝ ስልክ ነው፤ እንቅልፌን የሰጠሁት ግን እኔው ነኝ። ቅዳሜ ወጥቼ አንድ ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። እስከ ዛሬ «የሸክላ መብራቴ» ነው የምለው።

ይህ እንግዲህ አካሉ እንኳን የራሱ ያልነበረ ሰው ለታክሲ ተሳፋሪ ያስተላለፈው ምክር ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስም ስለ ፍልስፍና መጽናኛ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ524 ገደማ፣ ሥልጣኑንና ሀብቱን ተነጥቆ፣ እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ ነው። ፍልስፍናን የጠገቡ ሰዎችም ተጫውተውበታል፤ አልክድም። ግን የጻፉትና የያዙት ሰዎች ብዙ ጊዜ የቸገራቸው ናቸው።

«ልብ ወለድ ያዘነውን ሰው የባሰ ያሳዝነዋል» ለሚለው መልሴ እናቴ ናት።

አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ ከቀብር በኋላ አላለቀሰችም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተቀበለች። ከዕድር ሰዎች ጋር ሒሳብ ተነጋገረች። አርባውን አወጣች። ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት!» አለ። እኛ ልጆቿ ግን ፈራን። ቤት ውስጥ ስሙን አታነሳም። ልብሱን ማንም እንዲነካ አትፈቅድም። ወራት አለፉ።

ወንድሜ አንድ ቀን የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ትረካ ስልኳ ላይ ጫነላት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ማለቴ ነው። በልጅነቷ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሲሰሙ ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ምስር ስትለቅም፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ድምፁ አይጠፋም። አንድ እሑድ ከሰዓት ወደ ማብሰያ ቤት ስገባ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። በዛብህ የሚሞትበት ክፍል ላይ ደርሳ ነበር። «እማዬ ምነው?» ስላት «ይሄ ልጅ አሳዘነኝ» አለች። ለበዛብህ ነበር የምታለቅሰው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አባትሽም እኮ የዚያን ቀን ውሃ አምጪልኝ ብሎኝ ነበር» ብላ ጀመረች። እስኪመሽ ድረስ ስለ አባቴ አወራችኝ። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ታዲያ ያ መጽሐፍ አሳዝኗታል? አዎ፣ አሳዝኗታል። ሐዘኑን ግን እሱ አላመጣባትም። ሐዘኑ እዚያው ነበር፣ በሩ ተቆልፎበት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ልብ ወለድ ጽፈው በ60 ዓመቱ አንዲት መበለት ማብሰያ ቤት ገብተው በሩን ከፈቱላት።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ለቅሶ ቤት አልቃሽ የምትጠራው ለምንድን ነው? ሰው ማዘን አቅቶት ነው? አይደለም። ቃል አጥቶ ነው። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ግጥሙን ሰው ይቀበላታል፣ የራሱን ሙት እያሰበ ያለቅስበታል። አሪስቶትል ስለ አሳዛኝ ድራማ ሲጽፍ ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ ያጠራቸዋል ያለው ይህንኑ ይመስለኛል። የገጠር አልቃሾቻችን እሱን ሳያነቡት ያውቁታል።

ደግሞ ልብ ወለድ ሥራው ማስለቀስ ብቻ አይደለም። ወጣት ሆኜ ከዘመዶቼ ጋር የማልግባባበት ጊዜ ነበር። ሰርግ ላይ፣ ድግስ ላይ ያልሆነ ነገር እናገርና ሁሉም ዝም ይላል። ያን ጊዜ ጓደኛ የሆነኝ የዚያው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰው ጉዱ ካሳ ነው። የተማረ፣ ቅኔ አዋቂ፣ ከባላባት ዘመዶቹ መሀል ተቀምጦ የእነሱን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ለዚህም «ጉዱ» የሚል ቅጽል የተለጠፈለት ሰው። እሱን ሳነብ እኔ የመጀመሪያዋ እንዳልሆንኩ አወቅኩ። ብቸኝነት ያለበት ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። መጽሐፍ ሁሉ ለቀኑ አይሆንም። አባቴ በሞተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ገጽ ማንበብ አልቻልኩም። ማንም እንዲያነብልኝም አልፈለግኩም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ሻይ አፍልቶ ዝም ብሎ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው።

ሦስተኛው ነጥብ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ሃይማኖት አለን» ይላል። እዚህ ላይ ጸሐፊው የራሳችንን ቤት ጓዳ ገብቶ ያየው አልመሰለኝም።

አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበር። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ዳዊት ከራስጌው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጠዋት ፊቱን ይታጠብና ከማንም ጋር ሳይነጋገር መስኮቱ ሥር ይቆማል። የዕለቱን ይደግማል። ከዚያ ነው ቁርስ፣ ከዚያ ነው ወሬ። ልጅ ሆኜ ጸሎት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ሳነበው ግጥም መሆኑን አየሁ። በዚያ ላይ ብዙው ግጥም የጨነቀው ሰው ግጥም ነው። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ይላል አንዱ ጋ። ሌላ ቦታ ደግሞ ራሱን ለሁለት ከፍሎ ነፍሱን «ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። አያቴ ስለ ሥነ ልቦና የሰማው ነገር አልነበረም። ግን በየቀኑ ጠዋት የገዛ ነፍሱን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅበት ቃል ነበረው። ከ150ው መዝሙር አንዱ ላይ የዕለቱን ስሜቱን ያገኘዋል፤ ንዴትም ይሁን ፍርሃት፣ ምስጋናም ይሁን ቂም። በቃ፣ ይህ ነው እኔ የምለው።

መጽሐፈ ኢዮብንም ተመልከቱ። ሦስት ጓደኞቹ ሊያጽናኑት ይመጣሉ። ሥቃዩ ታላቅ መሆኑን አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቃል የሚናገረው የለም። እስከዚህ ድረስ ደግ ጓደኞች ናቸው። የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። «ምናልባት በድለህ ይሆናል» እያሉ ቁስሉ ላይ ጨው ይነሰንሳሉ። ለቅሶ ቤት ስሄድ አፌን መያዝ የተማርኩት ከዚህ ነው። «ለበጎ ነው» ማለት ካቆምኩ ዓመታት ሆነኝ። ዛሬ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ለመሄድ ስነሳ የሐዘንተኛዋን እጅ እይዛለሁ።

«ፍልስፍና» የሚለው ቃል ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የሚባለውን መጽሐፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት አባ ሚካኤል የሚባሉ አባት ናቸው። ውስጡ የሶቅራጥስ፣ የአፍላጦንና የአሪስጣጣሊስ ተብለው የሚነገሩ ምክሮች አሉበት። ስለ ዝምታ፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ንዴት የሚያወሩ አጫጭር ቃሎች ናቸው። አባ ሚካኤል ይህን ሲተረጉሙ ሃይማኖታቸውን አልጣሉም።

ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍም አለ። መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። የለም፣ ኢትዮጵያዊ ነው ብለው የተከራከሩም አሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር አንዱ ናቸው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔን የሚይዘኝ ግን ታሪኩ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነገር የተሠራበት ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል መምህር ከአክሱም ይሸሻል። የያዘው ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ነው። ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። እየጸለየ ያስባል፣ እያሰበ ይጸልያል። ከወጣ በኋላ እንፍራዝ በምትባል አገር ሀብቱ የሚባል ሰው ቤት ያድራል። የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን ሊያገባ ሲል «አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ ናት፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው» ይላል። ዋሻ ውስጥ የታሰበ ሐሳብ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። አንዲት አገልጋይ ቀና ብላ ትቀመጣለች።

ስለ ቅኔና በወሎ ስለሚንቆረቆረው መንዙማ ከጀመርኩ አላበቃም። የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ደክሞት ገብቶ አንድ መንዙማ ሲሰማ ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ ያየ ሰው «ጥበብ ለኑሮ ምን ይሠራል?» ብሎ አይጠይቅም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ትክክል ነው። «የታመመ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል» ይላል። እኔም የማልረሳው ጥፋት አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ መተኛት አቃታት። መብላት አቆመች። ስልክ አታነሳም። እኔ መጽሐፍ ገዝቼ ሄድኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። መጽሐፎቹ ሳይገለጡ አልጋዋ አጠገብ ተደራርበው ሳይ እንኳን አልገባኝም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት ታላቅ እህቷ ናት። ሕመሙ ስም ነበረው፣ መድኃኒትም ነበረው። እኔ በመጽሐፍ ያባከንኩባት ሳምንታት ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ መኖር የጠላ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ አታንብቡለት። ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ።

ነገር ግን ሐኪሙንና ፈላስፋውን ጠላት አድርጎ ማቆም ስህተት ነው። ዛሬ ጭንቀትንና ድብርትን በንግግር ለማከም በሰፊው የሚሠራበትን ዘዴ ካቆሙት መካከል አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ ይገኙበታል። ሁለቱም መሠረታችን ስቶይኮች፣ ማለትም እነ ኤፒክቴተስ የነበሩበት የፈላስፎች ወገን፣ ናቸው ብለው በግልጽ ጽፈዋል። ኤሊስ ያንኑ ባለ መብራቱን ኤፒክቴተስን ነበር የሚጠራው፦ ሰውን የሚረብሸው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው አስተያየት ነው። ጠዋት አለቃህ ሰላም ሳይልህ አለፈ እንበል። ሆድህ ተረበሸ። በመሀል ግን አንድ ሐሳብ አልፏል፤ «ጠልቶኛል፣ ሊያባርረኝ ነው» የሚል። ሕክምናው ያንን ሐሳብ ይዞ «እስቲ ቁም፣ ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስተምራል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች የሚመክሯቸው የተመረጡ መጻሕፍት በየሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ፈንታ አይደለም።

አምስተኛው ነጥብ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነው። ጸሐፊው ፍልስፍና «ቻለው» እያለ ሰውን ለበደል ያደነዝዛል ይላል። ከባድ የሆነብኝ፣ እንዲያ የሚያስተምሩ ሰዎች በእርግጥ ስላሉ ነው። «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ስንት ሴት ዱላ ችላለች። ለዚያ ዓይነቱ መቻል ፍልስፍናን ጥቅስ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ካለ እኔም ከጸሐፊው ጎን ነኝ።

ግን የሆነብኝን ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት እሠራበት የነበረ ድርጅት ሦስት ወር ደመወዝ አቆየብን። ዛሬ ነገ እያሉ። የቤት ኪራይ ደርሷል። ማታ ማታ ጣሪያ ላይ አፈጣለሁ። አንድ ቀን ደብተር አወጣሁና ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል በእጄ ያለውን፣ በሌላ በኩል በእጄ የሌለውን ጻፍኩ። ኤፒክቴተስ ከሁሉም በፊት የሚያስተምረው ይህን ነው። በእጄ የሌለው ቶሎ ሞላ፦ የባለቤቱ ልብ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የአከራዬ ፊት። ሌሊቱን ሙሉ የማስበው እነዚህን ነበር። በእጄ ያለው ላይ ደግሞ የሥራ ውሌን ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ሌሎቹን ማነጋገር፣ አቤቱታ መጻፍ፣ ሌላ ሥራ መፈለግ የሚል ወጣ። አራት ሆነን ተሰበሰብን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አውጥተን አነበብን። ደብዳቤ ጽፈን ፈረምን። የሁለት ወሩን ከፈሉን። አንዱ እስከ ዛሬ ቀርቶብኛል።

ያ ገጽ አላደነዘዘኝም። ያደነዘዘኝ ከዚያ በፊት የነበረው ጭንቀት ነው። ሰው ጉልበቱን ሁሉ በማይገፋ ግድግዳ ላይ ሲጨርስ ለሚከፈተው በር አይተርፈውም።

ሥነ ጽሑፋችንንም እንይ። አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. አሳተመ። በማኅፀን ያለ ሕፃን ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል። መጽሐፉ ታገደ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጣ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሰውን የሚያደነዝዝ መጽሐፍ ቢሆን ማን ይሰበስበዋል?

ስድስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ «ጊዜ የለንም፣ አጭር ጥቅስ ይበቃል» ነው።

በአንድ ምሳሌ ልመልስ። ማርቆስ አውሬሊየስ እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 ሮምን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው። ወረርሽኝና ጦርነት በተፈራረቁበት ዘመን ለራሱ ብቻ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። አንዱ ቦታ ላይ ሲነጋ ለራስህ እንዲህ በል ይላል፦ ዛሬ ጣልቃ ገብ፣ ምስጋና ቢስ፣ ትዕቢተኛ፣ ምቀኛ ሰው ያጋጥመኛል። ይህ ክፍል ብቻውን ተቆርጦ በጥቅስ መልክ ሲዞር አይቻለሁ። ከሥሩ ሰው «እውነት ነው፣ ሰው መጥፎ ነው» ይላል። የተቆረጠው ግን ዋናው ነው። ቀጥሎ ንጉሡ እነዚህ ሰዎች ዘመዶቼ ናቸው፣ እንደ ሁለት እግርና እንደ ሁለት እጅ፣ እንደ ላይኛውና እንደ ታችኛው ጥርስ አብረን ልንሠራ የተፈጠርን ነን ይላል። ግማሹን ያነበበ ሰውን ንቆ ከቤቱ ይወጣል። ሙሉውን ያነበበ ታክሲ ውስጥ የሚገፋውን ሰው ትንሽ በተለየ ዓይን ያየዋል። ልዩነቱ ጥቂት መስመር ነው። ጥቅሱ የነጠቀን እሱን ነው።

ጊዜን በተመለከተ የእኔ ልማድ ትንሽ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁለት ገጽ። ማታ አምስት ደቂቃ። የማታውን የወሰድኩት ከሮማዊው ፈላስፋ ከሴኔካ ነው። መብራቱ ከክፍሉ ሲወጣና ልማዱን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ስትል ቀኑን ሙሉ መልሶ ይመረምር እንደነበር ጽፏል። የት ተሳሳትኩ? ማንን አስቀየምኩ? ከራሱ ምንም አይደብቅም፤ ግን ራሱን አይደበድብም። ለዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትደግመው ይላል። እኔ መብራት ሲጠፋ አደርገዋለሁ፤ መብራት እንኳን በየሰፈሩ በራሱ ጊዜ ይጠፋልናል።

የገንዘቡ ነገር እውነት ነው። የመጽሐፍ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ቢሆንም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች አሉ። መዋዋስ አለ።

የኮንዶሚኒየማችን የሌሊት ጥበቃ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ወር ከወር የማያደርስ ደመወዝ ነው ያላቸው። ባለፈው ወር የእናቴን «ፍቅር እስከ መቃብር» አዋስኳቸው። ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ነው። ትናንት አምሽቼ ስገባ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በስልካቸው መብራት ጎንበስ ብለው ያነባሉ። እግሬን ሰምተው ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?» አልኳቸው።

«ልጅቷ ከቤት ልትወጣ ነው» አሉኝ። «ሁለት አዳር ይቀረኛል። ልጄ፣ መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ።»